የቡና ገለፈትን ወደ ከሰል ስንቀይር

ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ገለፈት ሆኖ ይቀራል። ጅማ አካባቢ መቀሸሪያዎች ጓሮ ተከምሮ የሚታየው ይኸው ነው። ከእሸት መፈልፈያ የሚወጣውን እርጥብ ልጣጭ አልነካነውም፤ ማድረቁ አያዋጣም፣ ለኮምፖስት ይሻላል።

ማክሰያችን ቀላል ነው። የባለ 20 ሊትር የዘይት ቆርቆሮ ጎኖች በምስማር በየ3 ሴንቲ ሜትሩ በሳን፤ አናቱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ቁመት ያለው የጭስ ቧንቧ ገጠምን። መሬት ላይ ጭራሮ አቀጣጥለን ቆርቆሮውን ደፋንበት፤ 60 ኪሎ ደረቅ ገለፈት ዙሪያውን ከመርን። ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል። ክምሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ሲል የታችኛውን ቡናማ ገለፈት በአካፋ እያነሱ ወደ ላይ መጣል ነው፤ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ከሁሉም የሚያከስረው የማጥፊያው ሰዓት ነው። አንድም ቡናማ እንዳይቀር ብለን ስንጠብቅ ውስጡ አመድ ሆኖ ያገኘነው 11 ኪሎ ብቻ ነበር። አልፎ አልፎ ቡናማ እየታየ በስሱ ዘርግተን ውሃ ስንረጭ ግን ደርቆ ሲመዘን 17 ኪሎ ወጣው። እፍኝ የማይሞላ ፍም ከቀረ ሌሊት ጆንያውን ያነደዋል፤ ስለዚህ ሳይታሸግ 24 ሰዓት ተዘርግቶ ይደር።

ተጠቅጥቆ የሚሠራ ከሰል (ብሪኬት) እንዲሆን ከሰሉን ወቅጠን በወንፊት ነፋነው፤ ትልልቁ ቅርፊት ከቀረ አይያያዝም። ለ17 ኪሎ 1.2 ኪሎ የካሳቫ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን የፈላ ውሃ ላይ ጨመርን (ውሃው በጠቅላላ 10 ሊትር)፤ እንደ አጥሚት እስኪሆን አማስለን ከከሰሉ ዱቄት ጋር አቦካነው። የካሳቫው ዱቄት ደረቁን የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይጓጉላል። ሸክላ አፈርም ሞክረን ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ጥሩም ይይዛል፣ ግን አመዱ ምድጃውን ይሞላና እሳቱን ያዳክማል። ሞላሰስ ደግሞ ይጨሳል፤ ቡና ለሚያፈላ ሰው የተቃጠለ ስኳር ሽታ ማን ይሸጥለታል?

ድብልቁ ልክ መሆኑን የምናውቀው ጨብጠን ነው፦ ውሃ ካንጠባጠበ ቀጥኗል፣ ከወገብ ከፍታ ተለቆ ከፈረሰ ደርቋል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ እየጠቀጠቅን አወጣነው። የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ ወዲያው ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ላዩ ቀድሞ ይጠነክርና ይሰነጠቃል። ከዚያ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ይበቃዋል። ሁለት ጠዋት ተመዝኖ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል።

ብሪኬቱ እሳት ለመያያዝ ይዘገያል፤ ከሥሩ ትንሽ የእንጨት ከሰል ማድረግ ያስፈልጋል። አይጨስም ማለት መርዛም ጋዝ የለውም ማለት አይደለምና በርና መስኮት ይከፈት።

የማክሰያው የጭስ ቧንቧ ሁለት ወር ሳይሞላው ተበሳሳ። ከጭሱ ቀዝቅዞ የሚወርደው ቡናማ ፈሳሽ አሲድ ስላለው ስስ ቆርቆሮ ይበላል። አሁን የቆመው ወፍራም የብረት ቧንቧ ነው።