የዳልተን ትራምቦን ሕይወት ለሬዲዮ ትረካ ያዘጋጀሁበት መንገድ

ስለ ፊልም ደራሲ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የፊልሞቹን ዝርዝር ያወጣል። ለአሜሪካዊው የፊልም ደራሲ ለዳልተን ትራምቦ ግን ይህ አይበቃም፤ ከምርጥ ሥራዎቹ አንዳንዶቹ ለዓመታት የሚታወቁት በሌላ ስም ነበርና። ስለዚህ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን ፊልሙ የወጣበትን፣ በሌላው ስሙ የታመነለትን ዓመት ጻፍኩ (ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። «ሮማን ሆሊደይ» የወጣው በ1953 ነው። ኦስካሩ ለትራምቦ የተሰጠው በ1993፣ ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ ሲሆን የአሜሪካ ፊልም ደራስያን ማኅበር ስሙን የመለሰለት ደግሞ በ2011። ትረካውን የመሠረትኩት በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ስሙን ያጣበትን መነሻ ሁሉም ስለሚያወራው አሳጠርኩት። በ1947 ኮሚኒስቶችን በሚመረምረው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ኮሚኒስት መሆን አለመሆኑን አልናገርም አለ፤ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በጥቁር መዝገብ፣ ማለትም ሥራ በሚከለከሉ ሰዎች ዝርዝር፣ አሰፈሩት፤ በዚያው እምቢታው በ1950 ኬንታኪ ውስጥ ታሰረ፤ ሲፈታ ቤተሰቡን ይዞ ሜክሲኮ ሄደ።

ሰፊ ጊዜ የሰጠሁት ለዳቦ መጋገሪያው ነው። ሆሊውድ ከመግባቱ በፊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለስምንት ዓመት ያህል ሌሊት ሌሊት እዚያ እየሠራ ይጽፍ ነበር። ስሙን ተነጥቆ በርካሽ ዋጋ፣ በጥድፊያ መጻፍ ግድ ሲሆንበት ያልተሰበረው፣ በእኔ እምነት፣ ያንን ኑሮ አስቀድሞ ስለለመደው ነው።

ኢያን ማክሌላን ሃንተርን ስጽፍ እጅግ ተጠነቀቅኩ። የ«ሮማን ሆሊደይ»ን ኦስካር የተቀበለው እሱ ስለሆነ አድማጭ ሌባ አድርጎ ሊፈርድበት ይችላል። እሱ ግን ስሙን ያዋሰ፣ ክፍያውንም ለትራምቦ ያሳለፈ ወዳጅ ነው፤ ቆይቶ ራሱም በጥቁር መዝገብ ሰፍሯል። ይህን ከኦስካሩ በፊት ተናገርኩ፤ ቅደም ተከተሉ የሰውን ክብር ይጠብቃል።

ጥቁር መዝገቡን ተዋናዩ ከርክ ዳግላስ፣ ትራምቦ በጻፈው «ስፓርታከስ» ብቻውን ሰበረው የሚለውንም አልተቀበልኩም። የፊልም ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሪሚንገር የ«ኤክሶደስ» ፊልሙ ደራሲ ትራምቦ መሆኑን ያሳወቀው በጥር 1960 ነው፤ «ስፓርታከስ» የታየው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ። ከዚያም በፊት ትራምቦ ራሱ አለ፤ በ1957 «ሮበርት ሪች» የተባለ ማንም የማያውቀው ደራሲ ኦስካር ሲያሸንፍ የተነሳውን ጥያቄ ለጋዜጠኞች እያራገበ፣ በ1959 «ሪች እኔ ነኝ» ብሎ ወጣ።