የጋሼ ሰባ ሰባትና የእኛ

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ «ለንደን ብመጣ በዘፈን ብቻ መኖር እችላለሁ?» ብሎ በድምፅ መልእክት ጠየቀኝ፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ስንኝ አንጎራጉሮበታል። የሰማሁት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሰው ቢሮ እየወለወልኩ ነው። ድምፁ ደግሞ ያምራል፤ ችግሩም እሱ ነው።

የሕንፃው ጥበቃ እንግሊዛዊ አዛውንት ናቸው። በስማቸው እንድጠራቸው ቢለምኑኝም አፌ እምቢ ስላለኝ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። የቁልምጫ ስም ያወጣሁላቸው መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል። የልጁን ጥያቄ ሳነሣባቸው ወንበር ስበው ስለ ኤልቪስ ኮስቴሎ ያጫውቱኝ ጀመር።

ኒው ዌቭ የሚባለው የሮክ ስልት ዘፋኝ የሆነው ኮስቴሎ እውነተኛ ስሙ ዴክላን ማክማነስ ነው። አባቱ ዘፋኝ ሆነው እንኳ፣ እርሱ ሚስትና ልጅ ይዞ በአንድ የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። የመጀመሪያ አልበሙን «አሞኛል» እያለ ከሥራ እየቀረ፣ በጠቅላላው ሃያ አራት ሰዓት ያህል ስቱዲዮ ገብቶ ቀረጸው። አልበሙ በፈረንጆች 1977 ወጣ። በዚያው ሰሞን የአንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊዎች በተሰበሰቡበት ሆቴል ደጃፍ ጊታሩን ይዞ ሲዘፍን ፖሊስ ወሰደው፤ ከወራት በኋላ ያው ኩባንያ ለአሜሪካ አስፈረመው። ዓመቱ ሳያልቅ አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የቀረበው ደግሞ ሴክስ ፒስትልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ አባላት ቪዛ ስላላገኙ በእነርሱ ምትክ ነው። እንግሊዝም ቪዛ ያጣል! ያን ሌሊት ወለሉን በደስታ ነው የጨረስኩት።

ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው «ሰባ ሰባት! እንደ እርሱ ያለ ዓመት አልመጣም» አሉ።

እናቴ ይህን ቁጥር ስትጠራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በእኛ አቆጣጠር የረሃቡ ዘመን መሆኑን ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩና «እኔም ያኔ አምስት ፓውንድ ልኬ ነበር» አሉ። ከእግር እስከ ራሴ ተመልክተው «ጥሩ አድገሃል» ብለው ጨመሩበት።

የተወለድኩት በእኛ በ1981 ነው፤ ያውም ጅማ! መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ክፋት ቢኖርበት መልስ አላጣም ነበር።

በማግስቱ ዶሮ ወጥ ይዤ ገባሁ። በርበሬው እንባቸውን እያስረገፈ፣ ኮስቴሎ ለእኛ ረሃብ በተዘጋጀው የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም መድረክ ብቻውን በጊታር ሲዘፍን በስልካቸው አሳዩኝ። ቀኑ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ነው፤ እኛ ሰባ ሰባት ውስጥም ገብቶ ዘፍኗል ማለት ነው። የቢትልስን ዘፈን የሰሜን እንግሊዝ የቆየ የሕዝብ ዘፈን ነው ብሎ አስተዋወቀው። በእኛ ካሴት ቢሆን «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ተብሎ ይታተምበት ነበር።

ለልጁ ምን ልበለው? ኮስቴሎ ሳያመው «አሞኛል» ብሎ ቀረ፤ እኔ ሲያመኝም እገባለሁ፤ ያልሠራሁት ሰዓት አይከፈለኝም። እርሱን ፖሊስ ሲይዘው ዝና ሆነለት፤ ስደተኛን ሲይዘው ግን የመኖሪያ ፈቃድ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ወንድሜ፣ ይህን ሳታስብ ትኬት እንዳትቆርጥ።

መልእክቱን ለጋሼ አሰማኋቸው። ሁለቱን ስንኞች ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

«የቀን ሥራ አለው?»

«ባንክ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ ነው።»

«እንዳይለቅ» አሉ፣ አጥንቱን እየጋጡ።