ማንም የማያነበው ፒዲኤፍ

ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ልጀምር ስል የፈራሁት ስታትስቲክስን ነበር። ቀጥሎ ፋይናንስን። የተማሪዎች መመሪያ የሚባለውን ፒዲኤፍ ግን ከቁብ አልቆጠርኩትም። በመግቢያው ሳምንት አወረድኩት። ሽፋኑን አየሁ፣ ማውጫውን በአውራ ጣቴ ሽቅብ ቁልቁል አልኩትና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ለወራት አልከፈትኩትም።

ስታትስቲክስን አለፍኩ። ፋይናንስንም እንደምንም። ከትምህርቱ ሊያስወጣኝ ትንሽ የቀረው ያ ፒዲኤፍ ነው።

ነገሩ የጀመረው ገና ሳልገባ ነው። ለማመልከት የሚጠየቀው ዝርዝር ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ብዙም አይለያይም። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለምን መማር እንደፈለግክ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ጂማት ወይም ጂአርኢ የሚባል የመግቢያ ፈተና፣ እንደ አይልትስ ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ጂማቱንና አይልትሱን በአንድ ወር ውስጥ ተፈተንኩ። አንዴ ልገላገል ብዬ። ከዚያ ሥራ በዛና ማመልከቻው ለቀጣዩ ዓመት ተላለፈ። ቀጥሎም ለሚቀጥለው። በመጨረሻ ፎርሙን ስሞላ ጂማቴ አለ፤ አምስት ዓመት ያገለግላል። አይልትሴ ግን ሞቷል። ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እንግሊዝኛዬ በሁለት ዓመት ውስጥ የት ይሄዳል ተብሎ እንደታሰበ እንጃ። ድጋሚ ከፈልኩ፣ ድጋሚ ተፈተንኩ።

በነገራችን ላይ ጂማት ተቀይሯል። እኔ የወሰድኩት የድሮውን ነው፤ ከ200 እስከ 800 የነበረውን። የአሁኑ ከ205 እስከ 805 ሲሆን ሁሉም ውጤት በ5 ያልቃል። ሦስት ክፍል አለው፤ ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ ይሰጣል። አዲሱን ተፈትኖ 645 ያመጣ ጓደኛዬ ጉድ ሆንኩ ብሎ ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ከረመ። የአዲሱ 645 በድሮው ሚዛን ወደ 700 እንደሚጠጋ ያወቀው በኋላ ነው።

ትራንስክሪፕቱ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። በታሸገ ፖስታ ነበር የተሰጠኝ። ጀርባው ላይ፣ ክዳኑ ከፖስታው ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለ። ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ነው ያረፈው። ቤት እንደገባሁ ስሜ በትክክል መጻፉን ላረጋግጥ ብዬ ቀደድኩት። ስሜ ትክክል ነበር። ማኅተሙ ግን ለሁለት ተከፈለ። የተከፈተ ፖስታ ደግሞ ኦፊሻል አይደለም። ውስጡ ያለው ወረቀት ያው ነው፣ አንድ ፊደል አልተነካም ብል ማን ይስማኝ! ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ሦስት ሳምንት።

የሥራ ልምድም እንደዚሁ ነው። አራት ዓመት አለኝ ብዬ ጻፍኩ። ሲቆጠር ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ከመመረቄ በፊት የሠራሁት አልተያዘልኝም። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳጣራ ትምህርት ቤቶቹም የሚጠይቃቸው አካል አለ። እ.ኤ.አ. በ1916 የተቋቋመው ኤኤሲኤስቢና በ1967 የተቋቋመው ኤኤምቢኤ ለቢዝነስ ትምህርት ዕውቅና ይሰጣሉ። ኤኤምቢኤ ዕውቅና የሚሰጠው የኤምቢኤ ፕሮግራም የሚቀበላቸው ተማሪዎች ቢያንስ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ እንዲኖራቸው ይፈልጋል። ስለዚህ ያቺ የሁለት ወር ትርፍ ናት ያስገባችኝ።

ገባሁ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ አካውንቲንግ ነው። ፕሮግራሙ 16 ኮርስ ነበር፤ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት፣ በድምሩ 48። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት የአካውንቲንግ ኮርሶች "ዌቭ" ተደረጉልህ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። 14 ኮርስ ቀረኝ ብዬ አሰላሁ። በጀቴን አስተካከልኩ፣ የምመረቅበትን ወር ሳይቀር ለቤተሰብ ተናገርኩ።

አማካሪዬ ጋ ስሄድ ወረቀቱን አይተው ፈገግ አሉ።

"ስንት ክሬዲት ነው የቀረህ?"

"42 ዶክተር።"

"48 ነው። ዌቨር ማለት ኮርሱን መድገም የለብህም ማለት ነው። ክሬዲቱን ግን አይሰጥህም። በምትኩ ኢለክቲቭ፣ ማለትም የምርጫ ኮርስ፣ ትወስዳለህ።"

ክሬዲት የሚቀንሰው ትራንስፈር ነው። ትራንስፈር ደግሞ ሌላ ቦታ በማስተርስ ደረጃ ለተወሰደ ኮርስ ነው እንጂ ለመጀመሪያ ዲግሪ አይሆንም። በእኛ ትምህርት ቤት ከ6 ክሬዲት በላይ አይፈቀድም፤ ውጤቱም ቢ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሁለቱን ቃላት ማምታታቴ በጀቴ ላይ የሁለት ኮርስ ገንዘብ አጎደለብኝ። ይሁን እንጂ በምትካቸው ከወሰድኳቸው አንዱ የድርድር ኮርስ ነበር፤ ከ16ቱ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። ይህ ግን ዕድል እንጂ ብልጠት አይደለም።

አማካሪዬ ያን ቀን ስወጣ አንድ ነገር አሉኝ። "ከማንም ጋር ብትነጋገር፣ ከእኔም ጋር ቢሆን፣ ቤትህ ስትገባ በኢሜይል ጻፍልኝ። እንዲህ ተባብለናል በል።" የሽማግሌ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሴሚስተር አለቀ። አራት ኮርስ ወስጄ ሁለት ቢ፣ አንድ ቢ ማይነስ፣ አንድ ሲ ፕላስ አመጣሁ። ቀን እየሠራሁ ማታ ለምማር ሰው ምን ይላል ብዬ ረክቼ ተኛሁ። ጠዋት ኢሜይል ጠበቀኝ፤ ፕሮቤሽን፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ ጊዜ። በመጀመሪያ ዲግሪ ሲ ፕላስ ያሳልፍ ነበር። እዚህ ግን ጠቅላላ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ከ3.0 መውረድ የለበትም። ሁለት ጊዜ የወረደ ይሰናበታል።

ያኔ ነው ፒዲኤፉን የከፈትኩት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ቢ 3.0 ነው፣ ቢ ማይነስ 2.7፣ ሲ ፕላስ 2.3። ድምሩ 11.0፣ ለአራት ሲካፈል 2.75። በቀጣዩ ሴሚስተር ሦስት ኮርስ አለኝ። ሰባት ኮርስ ሲሆን 3.0 ለመድረስ 21 ነጥብ ያስፈልጋል። የጎደለኝ 10 ነው። ሦስቱንም ቢ ፕላስ ባመጣስ? 3.3 ሲባዛ በሦስት፣ 9.9። ድምር 20.9። ለሰባት ሲካፈል 2.985 ምናምን። 3.0 መሆኑ አይደል? አይደለም። የመመሪያው 31ኛ ገጽ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ጂፒኤ ወደ ላይ አይጠጋጋም ትላለች። ሦስት ቢ ፕላስ አምጥቼ ልባረር እችል ነበር! ደረቴን ነፍቼ፣ አሻሻልኩ እያልኩ።

ስለዚህ አንድ ኤ ማይነስ የግድ ሆነ። የትኛው ኮርስ ላይ? ማርኬቲንግ ላይ ወሰንኩ። እሱ ላይ ተረባረብኩ፣ ፋይናንስን ቢ ይብቃው አልኩ። ኤ ማይነስ፣ ቢ ፕላስ፣ ቢ። 3.7፣ 3.3 እና 3.0። ልክ 10.0። ጂፒኤዬ 3.00 ሆነ፤ ከዜሮዎቹ በኋላ አንዲት ትርፍ ቁጥር የለችም። ውጤቱ የወጣ ዕለት ለሁለት ደቂቃ ያህል ስክሪኑን ዝም ብዬ አየሁት።

ዳር ላይ የቆመ ሰው በትንሽ ንፋስ ይወድቃል እንደሚባለው፣ በሦስተኛው ሴሚስተር ንፋሱ መጣ። የስትራቴጂ ኮርስ የመጨረሻ ጽሑፍ ሳላስረክብ ታመምኩ። መምህሩ ደግ ሰው ናቸው። "አይዞህ፣ ተረጋግተህ ጨርስ" ብለው ኢንኮምፕሊት፣ ማለትም ያልተጠናቀቀ የሚል ጊዜያዊ ውጤት፣ ሰጡኝ። ቤት ገብቼ፣ የአማካሪዬ ምክር ትዝ ብሎኝ፣ "እስከ ስድስተኛው ሳምንት እንዳስረክብ ተስማምተናል፤ አመሰግናለሁ" ብዬ ጻፍኩላቸው። "እሺ" ብለው መለሱ። አንዲት ቃል።

በስድስተኛው ሳምንት የመጨረሻ ቀን፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ጽሑፉን ላክሁ። ጠዋት ኢንኮምፕሊቱ ኤፍ ሆኖ ጠበቀኝ።

ሬጅስትራር ቢሮ ሮጥኩ። መስኮቱ ጋ የነበረችው ሴት ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ስድስት ሳምንት የሚባለው ለእኔ አይደለም። የውጤት መቀየሪያ ፎርሙ በመምህሩ ተፈርሞ እሷ ጋ የሚደርስበት ጊዜ ነው። ካልደረሰ ሲስተሙ በራሱ ኤፍ ያደርገዋል። መምህሩ ጽሑፉን ለማረም ሳምንት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የእኔ እውነተኛ ቀነ ገደብ አምስተኛው ሳምንት ነበር። ይህም መመሪያው ላይ አለ። አንብቤው ነበር፤ "ውጤቱ ይገባል" የሚለውን "ጽሑፉ ይገባል" ብዬ እንጂ።

በዚያ ኤፍ ጂፒኤዬ ከ3.0 በታች ወረደ። ሁለተኛ ጊዜ። ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ይግባኝ ጻፍኩ። አንድ ገጽ፣ ያለ ለቅሶ። የሕክምና ወረቀቱን፣ የላክሁትን ኢሜይልና ያቺን "እሺ" አያያዝኩ። መምህሩም ፈርመው የድጋፍ ደብዳቤ ሰጡኝ። ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ኮሚቴው ኤፉን አነሳልኝ፤ ጽሑፉ ታርሞ ቢ ፕላስ ሆነ። በቃል የተባባልነውን ብቻ ይዤ ብሄድ ኖሮ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ባላውቀው ይሻለኛል።

ከዚያ በኋላ መመሪያውን እንደ ኮንትራት አነበብኩት። ሌሎች ፈንጂዎችም አገኘሁ። አንዱ የራስን ጽሑፍ መድገም ነው። ለአንድ ኮርስ የጻፍኩትን ትንተና ለሌላ ኮርስ ላሻሽለው አስቤ ነበር፤ የራሴ ነው፣ ከማን ሰረቅሁ? ሳላሳውቅ ካስገባሁት ግን እንደ ኩረጃ ይቆጠራል። መምህሯን በኢሜይል ጠየቅኋት፣ ምንጩን ጠቅሰህ ተጠቀም አለችኝ። ሌላው የጊዜ ገደቡ ነው። ከመጀመሪያው ኮርስ እስከ መጨረሻው ስድስት ዓመት ነበረን። ሳያስፈቅድ አንድ ሴሚስተር የጠፋ ሰው እንደ አዲስ ያመለክታል። የእረፍት ፈቃድ ሞልቶ የወጣ ግን ቦታው ይጠበቅለታል። ፎርሙ ግማሽ ገጽ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ያቺን ግማሽ ገጽ ሳይሞላ ቀርቶ መግቢያውን ከዜሮ ጀመረ።

የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ የምረቃ ማመልከቻ አስገባሁ። ይህም በሴሚስተሩ መጀመሪያ ነው የሚገባው፤ መጨረሻ ላይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መልስ መጣ፤ 3 ክሬዲት ይጎድልሃል፣ የቢዝነስ ሥነ ምግባር ኮርስ አልወሰድክም። ድረ ገጹ ላይ ያለውን መመሪያ ከፈትኩ። እውነትም ግዴታ ነው ይላል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ያን የመግቢያ ሳምንት ፒዲኤፍ ፈለግኩት። ስሙን እንኳ ሳልቀይር ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በእሱ ላይ ሥነ ምግባር ምርጫ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ተማሪ የሚዳኘው በገባበት ዓመት መመሪያ ነው ይላል። ኮርሱ ግዴታ የሆነው እኔ ከገባሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ድረ ገጹ ላይ የድሮው የለም፤ በአዲሱ ተተክቷል። ሁለቱን ገጾች ቆርጬ ላክሁ። በማግስቱ "ተስተካክሏል፣ ይቅርታ" የሚል መልስ መጣ።

ስመረቅ ትራንስክሪፕቱን በሁለት ቅጂ አስወጣሁ። አንዱን እዚያው መስኮቱ ጋ ከፍቼ ስሜን አየሁ፣ ትክክል ነው። ሁለተኛው፣ ክብ ሰማያዊ ማኅተሙ ክዳኑ ላይ እንዳረፈ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ልጄ በቀደም አንስታ "ምንድን ነው?" ብላ ልትቀደው ስትል ከእጇ መንጭቄ ወሰድኩት።