አንቀጽ 15 የት ሄደ?

ውሉ 38 ገጽና 24 አንቀጾች ያሉት የዕቃ አቅርቦት ውል ነበር። ረቂቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የአንቀጾቹንም ቁጥር የጽሑፍ ፕሮግራሙ ዎርድ ራሱ እንዲሰጥ አድርጌ ነበር። ለመፈራረም ሁለት ቀን ሲቀረን የሌላኛው ወገን ጠበቃ ደወሉልኝ።

«አንቀጽ 20ን እስቲ ያንብቡልኝ» አሉኝ በእርጋታ።

አነበብኩላቸው፦ «በአንቀጽ 15 የተመለከተው ገደብ ካለፈ ገዢው ውሉን ማቋረጥ ይችላል።»

«መልካም። አሁን ደግሞ አንቀጽ 15ን ይመልከቱልኝ።»

አንቀጽ 15 ስለ ዋስትና ጊዜ የሚናገር ሆኖ አገኘሁት። የመዘግየት ቅጣቱ፣ ጣሪያው 10 በመቶ ይሁን አይሁን እያልን ሳምንታት የተከራከርንበት አንቀጽ፣ 16 ሆኗል።

ነገሩ የተበላሸው ከአንቀጽ 8 ቀጥሎ ስለ ምሥጢር አጠባበቅ አንድ አዲስ አንቀጽ በጨመርኩ ጊዜ ነው። ዎርድ ከዚያ በታች ያሉትን ሁሉ በአንድ ቁጥር ወደ ታች ገፋቸው፤ የታዘዘውን ፈጸመ። እኔ ግን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ «በአንቀጽ 15» ብዬ የጻፍኩት በእጄ ነበር። ያ ቁጥር ለኮምፒውተሩ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ከቅጣቱ አንቀጽ ጋር የሚያያዝበት ምንም ነገር የለውም። አንቀጹ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ እዚያው ቀረ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ዐረፍተ ነገሩ አሁንም ትርጉም መስጠቱ ነው። ዋስትናም ገደብ አለው። ሦስት ሰዎች አንብበውት ያለፉት በቸልተኝነት አልነበረም፤ የሚያጠራጥር ነገር ስላልነበረው ነው። እንደዚያው ቢፈረም ኖሮ ገዢው አቅራቢው ሲዘገይበት ውሉን ለማቋረጥ የተስማማንበት መብት በወረቀት ላይ አይገኝም ነበር።

ቁጥሩ ሁሉ በእጅ በሚጻፍበት ሰነድ አንድ አንቀጽ የጨመረ ሰው እስከ መጨረሻው ገጽ እየወረደ ማረም ግድ ይሆንበታል፤ በዚያው ማጣቀሻዎቹንም፣ ማለትም ወደ ሌላ አንቀጽ የሚጠቁሙትን ቁጥሮች፣ ያያቸዋል። አውቶማቲኩ አቆጣጠር ድካሙን ሲያነሣልን ይህንን ጥንቃቄም አብሮ ይወስደዋል። ስለዚህ የአንቀጹን ቁጥር ለኮምፒውተሩ ሰጥቶ ማጣቀሻውን በእጅ መጻፍ፣ ሁሉንም በእጅ ከመጻፍ የባሰ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ምሽት ሰነዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ስፈትሽ 41 ማጣቀሻዎች አገኘሁ። እያንዳንዱን አጥፍቼ፣ ሪፈረንስስ በሚለው ክፍል ካለው ክሮስ ሪፈረንስ የተባለ ትእዛዝ አንቀጹን ከዝርዝር መርጬ ቁጥሩን አስገባሁ። እንዲህ የገባ ቁጥር ከአንቀጹ ጋር የታሰረ ነው። ነገር ግን በራሱ ወዲያው አይታደስም፤ ሰነዱን በሙሉ መርጦ ኤፍ 9 የተባለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ያሉት ደግሞ ለብቻቸው ተመርጠው መታደስ አለባቸው።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ማጣቀሻው የሚታሰረው በአንቀጹ ላይ በሚቀመጥ ስውር ምልክት ነው። አዲስ አንቀጽ ለመጨመር ከነባሩ አንቀጽ የመጀመሪያ ፊደል ፊት ቆመን ኤንተርን ብንጫን፣ ምልክቱ አዲሱንም አንቀጽ ያቅፍና ማጣቀሻው ወደ እርሱ ሊዞር ይችላል። እኔ አሁን ከበላዩ ባለው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ቆሜ ነው ኤንተርን የምጫነው።

በማግስቱ ሁለቱ ወገኖች አንድ አንቀጽ እንዲወጣ ተስማሙ። ሰርዤው ኤፍ 9ን ስጫን በሁለት ቦታ የማጣቀሻው ምንጭ አልተገኘም የሚል የስህተት መልእክት በደማቁ ወጣ። ቀድሞ ቢሆን ሁለቱም ዝም ብለው ወደ ሌላ አንቀጽ ይጠቁሙ ነበር። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አስተካክዬ ረቂቁን ለጠበቃው ላክሁላቸው።