ቲራድ በር ላይ

ከማኒላ ማታ ተሳፍሬ ካንዶን ስደርስ ገና አልነጋም። የአውቶቡሱ ኤሲ እንደ ደብረ ብርሃን ጠዋት ነው፤ አንገቴ ደርቋል። ከዚያ በሞተር ወደ ተራራው። ነጂው ሃምሳውን የዘለለ ሰው ነው። በኢሎካኖ ቋንቋ ታላቅ ወንድም «ማኖንግ» ይባላል። እኔም «ማኖንግ» ስለው ደስ አለው፤ ዋጋ ግን አልቀነሰም።

የመጣሁት ለአንድ የ24 ዓመት ጄኔራል ብዬ ነው። ግሬጎሪዮ ዴል ፒላር። እኔ በ24 ዓመቴ የቤት ኪራይ እንኳ በራሴ አልከፍልም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊሊፒኖች በ1898 (በፈረንጅ) ከስፔን ነፃ ወጣን ብለው አወጁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስፔን ፓሪስ ላይ ፈርማ አገሪቱን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስረከበቻት። በፌብሩዋሪ 1899 ጦርነት ተነሳ። ዓመቱ ሲያልቅ ፕሬዚዳንት ኤሚሊዮ አጊናልዶ ወደ ሰሜን ተራሮች እያፈገፈገ ነበር። እሱ እስኪያመልጥ ይቺን በር ያዝ ተባለ ዴል ፒላር። 60 ሰው ነበረው።

«በር» ያልኩት እኛ ጣርማ በር እንደምንለው ነው። ሞተሯን ትተን በእግር ወጣን። መንገዱ ዚግዛግ ነው፤ ከላይ ድንጋይ የያዘ ልጅ እንኳ ያግድሃል። ዲሴምበር 2 ቀን አሜሪካኖቹ ፊት ለፊት መጥተው መውጣት ያቃታቸው ለዚህ ነው።

ሐውልቶቹ ላይ ዴል ፒላር ፈረስ ላይ ነው። አብሮት የነበረ ስፔናዊ ወታደር ግን ሌላ ጽፏል፦ ሣሩ ከልሎት ጠላትን ማየት ስላልቻለ ተኩስ አስቁሞ ሲያማትር አንገቱን ተመታ። ሣሩ አሁንም አለ። እኔም ቀና ብዬ አየሁ፤ እውነትም ምንም አይታይም። ይሄኛው ሞት ለሐውልት አይመችም፣ እኔን ግን የበለጠ ነካኝ።

ከ60ዎቹ 52ቱ ሞቱ ወይም ቆሰሉ። አሸናፊዎቹ የጄኔራሉን ቦት ጫማ፣ የማዕረግ ምልክትና ማስታወሻ ደብተር ሳይቀር ወሰዱ። አስከሬኑ ለቀናት ሜዳ ላይ ቀረ። በኋላ አንድ አሜሪካዊ መኮንን በክብር ቀበረው። አጊናልዶ ለጊዜው አመለጠ፤ በ1901 ተያዘ።

አሜሪካኖቹ የወጡት ከኋላ ዞረው ነው። መንገዱን ያሳያቸው ጃኑዋሪዮ ጋሉት የሚባል የተራራው ሰው፣ ኢጎሮት ነው። ይህን ሳነብ አፌ ላይ የመጣው ቃል «ባንዳ» ነበር። እኛ ቃሉ ቅርባችን ነው። ግን እዚያ ቆሜ ትንሽ ቀዘቀዝኩ። ኢጎሮቶችን ስፔን በወጉ ገዝታቸው አታውቅም፤ ቆላዎቹ ደግሞ ሲንቋቸው ኖረዋል። ከቆላ የመጣ ጄኔራል ለጋሉት የማን ጄኔራል ነው? እርግጥ ለሞቱት ይሄ መልስ አይሆንም።

ስንወርድ ማኖንግን ጠየቅኩት፦ «እዚህ ሰዉ ጋሉትን ምን ይለዋል?»

«ከዳተኛ» አለ ሳያመነታ። ትንሽ ሄደና ዞሮ ሳቀ። «አያቴ ኢጎሮት ናት፤ እሷ ፊት ግን እንዳትል።»

ሞተሯን አስነሳ።