ለስዕሉ ብዬ አልነበረም የሄድኩት

ትናንት ማታ የሰፈራችን የጥበብ ምሽት ላይ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ለስዕልም ለግጥምም ብዬ አይደለም፣ ታች ቤት ያለችው የጎረቤቴ ልጅ በእጇ የጻፈችውን መጥሪያ በሬ ስር ሰክታ፣ እሱ አልበቃ ብሏት ደረጃ ላይ ጠብቃ "ትመጫለሽ አይደል?" ስላለችኝ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ እምቢ ማለት ደሞ አልችልበትም።

ማታ ቤት ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰው ለምንድነው እንዲህ ያለ ቦታ የሚሄደው? እስከዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ "አርት ስለምወድ" ነበር መልሴ። አርቱማ ስልኬ ላይ ሞልቷል፣ ከሶፋዬ ሳልነሳ ከዛ አዳራሽ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ሙዚቃ እሰማለሁ፣ የነሱ ስፒከር እኮ ግማሹን ሰዓት ሲያፏጭ ነው ያመሸው (የመክፈቻ ንግግሩን ርዝመትማ ባላነሳው ይሻላል)።

የሆነ ጊዜ ያነበብኩት ሰርቬይ ትዝ አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ አርትስ የሚባለው የመንግስት ተቋም ነው ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተሰበሰበ መረጃ ነው። ኮንሰርት፣ ኤግዚቢሽን ምናምን የሄዱ ሰዎች ለምን ሄዳችሁ ሲባሉ 73 በመቶው ከጓደኛ ወይ ከቤተሰብ ጋር ለመሆን አሉ፣ ጥራት ያለው ጥበብ ለማየት ያሉት 63 በመቶ ናቸው፣ ከአንድ በላይ መመለስ ይቻል ነበር። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ የሚያምርበትን ነው የሚመልሰው ብዬ ስለማስብ ይሄ ልዩነት እንደውም አንሶብኛል። መሄድ ፈልገው ከቀሩት ደሞ 22 በመቶው አብሮኝ የሚሄድ ሰው አጣሁ ብለዋል። ያኔ ሳነበው ስቄ ነበር፣ ትናንት ግን በሩ ጋ ቆሜ የት ልቁም የት ልቀመጥ እያልኩ መልእክት ያልገባበትን ስልክ ስነካካ ምንም አላሳቀኝም።

ከዛ የሆነው ግን እንዲህ ነው። ግድግዳው ላይ በጣም የሚያማምሩ ስዕሎች ነበሩ፣ ማንም አጠገባቸው የለም። ሰው ሁሉ የተጋፋው ጥጉ ላይ ያለች ጠማማ የክሬዮን ስዕል ጋ ነው። ጠጋ ብዬ ባይ የኛ ፎቅ! ያቺው ጎረቤቴ ናት የሳለችው። ሁለት ሴቶች "ይሄ የኔ መስኮት ነው"፣ "ኧረ የኔ ነው፣ አበባውን አታይም?" እየተባባሉ ይከራከራሉ። ሶስት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ከ"እንደምን አደሩ" ያላለፍነው የላይ ቤቱ ሰውዬ ደሞ ወደኔ ዞሮ በጣቱ እያሳየኝ "ገመዱ ላይ ያለችውን ቀይ አዩዋት? የኔ ብርድልብስ ናት" አለኝ፣ ኮራ ብሎ እኮ ነው! የምን ስልክ፣ ከዛ በኋላ ከቦርሳዬም አልወጣም።

አዘጋጆቹ ፖስተሩ ላይ የዘፋኙን ስም ነበር አግዝፈው የጻፉት። እኔን ቢጠይቁኝ አዳራሹን የሞሉት መድረክ ላይ የወጡት ህጻናት ናቸው፣ አንድ ልጅ ብቻውን አይመጣም፣ እናት አባት አያት አስከትሎ ነው።

መጨረሻ ላይ አንዷ ሁለት ስንኝ አስጠንታን ሁላችንንም አዘፈነችን። አፈርኩ፣ ግን ዘፈንኩ። ሮቢን ደንባር የሚባል እንግሊዛዊ የስነልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ጥናት አለ፣ ለሰባት ወር አንዳንዱን ቡድን መዝፈን፣ ሌላውን የእጅ ስራ ወይ የፈጠራ ጽሁፍ እያስተማሩ የተከታተሉት፣ መጨረሻው ላይ ሁሉም እኩል ተቀራርበዋል፣ ዘፋኞቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው ቶሎ የተግባቡት። ለኔስ ሁለት ስንኝ በቃኝ፣ ስንወጣ ከሰውዬው ጋር እስከ ደረጃችን እያወራን ነው የመጣነው።

ዛሬ ጠዋት ስወርድ አገኘሁት፣ ብርድልብሷን ታቅፎ ሊያሰጣ ሲወጣ። "ሞዴሏ መጣች" አልኩት።