በሸክላ ያልታተመው የአዲስ አበባ ጃዝ

የአዲስ አበባን የጃዝ ታሪክ ከሸክላ ብቻ የሚጽፍ ሰው ትልቁን ክፍል ይተወዋል ብዬ ካመንኩ ቆየሁ። አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም ሥራውን በ1961 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት የክቡር ዘበኛ፣ የማዘጋጃ ቤትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ለዓመታት ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ ኖረዋል። ከዚያ ዘመን የቀረልን በአብዛኛው የኖታ ወረቀትና የአዛውንት ሙዚቀኞች ትውስታ ነው።

ስለዚህ ዘመን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። አጎቱ ኬቮርክ ናልባንዲያን አርባ ልጆች የተባሉትን አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በ1916 ዓ.ም. ተከትሎ አዲስ አበባ የገባ የሙዚቃ መምህር ነበር። ነርሲስም በፈንታው በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራውን እየመራ የእኛን ዜማዎች ለትራምፔት፣ ለትሮምቦንና ለሳክስፎን አቀናበረ። አምስት ድምፆች ብቻ ያሉትን ቅኝት፣ በተለይም ድምፆቹ የተቀራረቡበትን አንቺ ሆዬን፣ ጠባዩን ሳያጠፉ በብዙ ድምፅ ማጀብ እስከ ዛሬ አቀናባሪን የሚፈትን ሥራ ነው። ከዓመታት በኋላ የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ እነዚያን ቅንብሮች ከወረቀት አንሥቶ ስለተጫወታቸው ነው የእኔ ትውልድ በጆሮው ሊሰማቸው የቻለው።

ወረቀቱ ግን ሁሉን አይናገርም። ይህን የተረዳሁት ትራምፔት በምጫወትበት አነስተኛ ቡድን ውስጥ አንድ የቆየ ቅንብር ለማንሣት ስንሞክር ነበር። በእጃችን የነበረው የሁለተኛው ትራምፔት ኖታ፣ ጠርዙ የተበላና ቢጫ የሆነ ወረቀት፣ ከአንድ የዕረፍት ቦታ በላይ በእርሳስ «ቆይ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። እንደተጻፈው አራቱን ምት ቆጥረን ስንገባ ሙዚቃው ትክክል ነበር፤ ነፍስ ግን አልነበረውም። በመጨረሻ ወረቀቱን ይዤ በዚያ ዘመን ከተጫወቱ አንድ አባት ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ እኮ አይቆጠርም፤ ሳክስፎኑ ሽለላውን እስኪጨርስ ነው የሚጠበቀው» አሉኝና የወንበራቸውን ክንድ በጣታቸው እየመቱ ያንን ሽለላ በአፋቸው አዜሙልኝ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን እንዴት ያወርደው እንደነበር የሰማ ሰው ያ ዕረፍት ባዶ ቦታ እንዳልነበረ ወዲያው ይገባዋል።

ጥናቱና ጨዋታው አብረው መሄድ አለባቸው የምለው ለዚህ ነው። ባንጫወተው ኖሮ የጎደለ ነገር መኖሩን አናውቅም ነበር፤ ባንጠይቅም ስሕተቱን እንደ ታሪክ እናስተላልፈው ነበር። ግሩም መዝሙር የመሠረተው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የቀድሞ ዘፈኖችን በአኮርዲዮንና በክላርኔት ሲያነሣ የዚያን የቀድሞ ዘመን የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞን ከወጣቶቹ ጋር ማስቀመጡን ከሁሉ አብልጬ የማደንቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሙዚቃው የሚቀርብባቸው ቤቶችም የታሪኩ አካል ናቸው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የከተማዋን ምሽት ሲቆርጠው ዋሊያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ጃዝአምባ የተባለው የጃዝ ክበብ የነበረበት የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ተቃጠለ፤ ብዙ ሙዚቀኛ ያሳደገው የካዛንቺሱ የአዝማሪ ቤት ፈንድቃም ቦታው ለልማት ተነሥቷል። በእነዚህ ቤቶች ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ቅኝት፣ ስንት ሰዓት ድረስ እንደተጫወተ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ስላሉ፣ ድምፃቸውን መቅዳት ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

እኛ የዚያን ቅንብር ኖታ እንደገና በንጹሕ ወረቀት ገልብጠነዋል። ሽለላውን ከእኚያ አባት አፍ እንደሰማሁት ለሳክስፎኑ በኖታ ጽፌዋለሁ፤ በሁለተኛው ትራምፔት ወረቀት ላይም «ቆይ» የሚለውን ቃል በነበረበት ቦታ፣ በእርሳስ መልሼ አስፍሬዋለሁ።